ሰልፉን ሳይሆን ድንጋዩን ከልክሉ

ሁለት ተቃራኒ ወገኖች አደባባይ ላይ ሊገናኙ ነው ሲባል ከባለሥልጣኑም ከጎረቤቱም አፍ የሚወጣው ምክር አንድ ነው፦ «ሳይቃጠል በቅጠል፤ ሰልፉ ይቅር።» ምክሩ የሽማግሌ ወግ አለው። ደም ከሚፈስ ንግግሩ ቢቀር ይሻላል፣ ሁለቱም ወገኖች አርፈው ቤታቸው ይቀመጡ ይላል። ይህን የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አስቦ አይደለም። እኔ ግን ምክሩ ለሰላማዊው ሰው ሳይሆን ለረባሹ ያደላል፣ የፈራነውንም ግጭት ከማስቀረት ይልቅ ያበዛዋል ብዬ እሟገታለሁ።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎረቤቶቻችን ኤርትራውያን በስደት አገር ያዩት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 በጀርመን ሄሰን ግዛት፣ በጊሰን ከተማ፣ የኤርትራ መንግሥት ደጋፊዎች ፌስቲቫላቸውን ለማክበር ሲሰናዱ ተቃዋሚዎች የዝግጅቱን ቦታ ወረሩ። ድንኳንና መድረክ ሲያሰናዱ የነበሩ ሰዎች ተደበደቡ፤ ፌስቲቫሉም ተሰረዘ። በዓመቱ የከተማዋ አስተዳደር የዚያን ቀን ረብሻ ጠቅሶ ፌስቲቫሉን ከነጭራሹ አገደ። የጊሰን የአስተዳደር ፍርድ ቤትም ሆነ ካስል የሚገኘው የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እገዳውን ሻሩት። ጁላይ 2023 ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ፖሊሶች ተሰልፈው ፌስቲቫሉ ተካሄደ፤ ከፖሊሶቹ ቢያንስ 26 ቆሰሉ። በቀጣዩ ወር ስቶክሆልም ውስጥ ድንኳኖች ተቃጠሉ፣ ከ50 በላይ ሰዎች ተጎዱ። በሴፕቴምበር ቴል አቪቭና ሽቱትጋርት ተከተሉ። በፌብሯሪ 2024 ደግሞ ሄግ ውስጥ የፖሊስ መኪኖችና አንድ አውቶቡስ በእሳት ጋዩ።

የቴል አቪቩን ቀረብ ብለን እንየው። ሴፕቴምበር 2 ቀን 2023 የኤርትራ ኤምባሲ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ዝግጅት ነበረው። ተቃዋሚዎች ቀደም ብለው ፖሊስ ዝግጅቱን እንዲሰርዝ ጠይቀው ነበር። በዕለቱ የመንግሥት ደጋፊዎችና ተቃዋሚዎች በልብሳቸው ቀለም ተለይተው መጡ። ተቃዋሚዎቹ የለበሱት ሰማያዊ ነው፤ እሱም ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት እ.ኤ.አ. በ1952 የተውለበለበው፣ መሐሉ ላይ የወይራ ዝንጣፊ ያለበት ባንዲራ ቀለም ነው። ጣውላ፣ ብረትና ድንጋይ የያዙ ሰዎች በመኖሪያ ሰፈር መሐል ተፋለሙ፤ የሱቅ መስታወት ረገፈ። ፖሊስ ጥይት ተኮሰ። ከመቶ በላይ ሰዎች ቆሰሉ።

ከዚያ በኋላ በየቡናው የሰማነው ጥያቄ «ለመሆኑ ይህ ዝግጅት ለምን ተፈቀደ?» የሚል ነበር። እስቲ ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። ከእነዚህ ከተሞች ቀድማ ለረብሻ እጇን የሰጠችው የ2022ቷ ጊሰን ናት። እዚያ ደጋፊዎቹ ተደብድበው ፌስቲቫላቸው ተሰረዘ፤ ረባሾቹ የፈለጉትን አገኙ። በዓመቱ ደግሞ ያንኑ ረብሻ ምክንያት ያደረገ የከተማ አስተዳደር በሕግ ስም ሊደግምላቸው ቃጣው። የጊሰን ውጤት ብቻውን የሌሎቹን ከተሞች ነውጥ ወለደ አልልም፤ የኤርትራውያን ምሬት የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። ነገር ግን ዱላ አንድ ቦታ ላይ እንደሚያዋጣ ከታየ፣ ሌላ ቦታ ዱላ የያዘውን ሰው «ይህ መንገድ አያዋጣም» ብሎ መምከር የማይሞከር ነው።

የ«ሰልፉ ይቅር» ፍልስፍና መሠረታዊ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ማን ይናገር፣ ማን ዝም ይበል የሚለውን ውሳኔ ከሕግ እጅ አውጥቶ ድንጋይ ለመወርወር ለተዘጋጀ ሰው ያስረክባል። በሰላም የሚቃወም ሰው ፌስቲቫል ማሰረዝ አይችልም፤ «ብትፈቅዱ ደም ይፈሳል» የሚል ግን ይችላል። እንዲህ ያለ ደንብ ባለበት አገር ብልህ ሰው የሚማረው ማስፈራራትን ነው። ደግሞም ረባሽ አሰልፎ ለመላክ ከመንግሥት የበለጠ አቅም ያለው የለም። የማይወደውን ሰልፍ ማስቀረት የፈለገ ባለሥልጣን ጥቂት ጎረምሶችን «ተቃዋሚ» አድርጎ መንገድ ዳር ካቆመ በቂ ነው፤ ከዚያ «ግጭት ሊነሳ ስለሚችል» ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1882 ዌስተን ሱፐር ሜር በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ የድኅነት ሠራዊት የተባለው የክርስቲያኖች ማኅበር እየዘመረ በጎዳና ይሰለፍ ነበር። ስለ ስካር ክፋት የሚሰብክ ማኅበር ስለሆነ የመጠጥ ቤት ባለቤቶች አይወዱትም። «የአፅም ሠራዊት» ብሎ ራሱን የሰየመ ቡድን እየተከተለ ሰልፉን ያውክ ጀመር። የአካባቢው ዳኞች መፍትሔ ያሉት ዘማሪዎቹን መከልከል ነበር። አልታዘዝ ያሉት መሪዎች ተያዙ፤ ጸጥታ ላለማደፍረስ ዋስ ጥሩ ተባሉ። ጉዳዩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ውሳኔው ተሻረ። ሕጋዊ ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ሌላው በሕገ ወጥ መንገድ ስለሚነሳበት ብቻ ወንጀለኛ አይባልም ተባለ። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው ዛሬም በየአገሩ የሚወሰነው ውሳኔ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ሳይሆን የእነዚያ የወረዳ ዳኞች መምሰሉ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ኦስትሪያ ውስጥ ፅንስ ማስወረድን የሚቃወሙ ሐኪሞች ማኅበር ተመሳሳይ ክስ ይዞ ስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ሄደ። በ1980 ሽታድል ፓውራ በተባለች ቦታ ያደረጉትን ሰልፍ ተቃዋሚዎች በድምፅ ማጉያ አውከውባቸዋል፤ እንቁላልና ከነሥሩ የተነቀለ የሣር ጓል ወርውረውባቸዋል። በ1982 ሳልዝቡርግ አደባባይ ላይ በድጋሚ ሲሰበሰቡ ወደ 350 የሚሆኑ ተቃዋሚዎች እየጮኹ መጡ፤ በዚህ ጊዜ ወደ መቶ የሚጠጉ ፖሊሶች ሰልፈኞቹን ከብበው ቆሙ። ፍርድ ቤቱ በ1988 በሰጠው ፍርድ የኦስትሪያ ፖሊስ አቅሙ የፈቀደውን አድርጓል ብሎ መንግሥትን ነፃ አወጣ። የፍርዱ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። መንግሥት ራሱ ሰልፍ ባለመከልከሉ ብቻ ግዴታውን ተወጣ አይባልም፤ ሰልፈኛውን ከሚያጠቁት መጠበቅም አለበት። ተቃውሞን የመቃወም መብትም የሌላውን ሰልፍ እስከ ማስቆም አይደርስም።

እዚህ ላይ የተቃዋሚውን ወገን መብት አሳንሼ እንዳይታይብኝ። የሚጠሉትን ሰልፍ ለመቃወም የወጡ ሰዎች ሰልፍ የወጡት ያህል መብት አላቸው። መጮኽ፣ መፈክር ማሰማት፣ መዝፈን፣ ጀርባ ማዞር፣ የእስረኞችን ፎቶግራፍ ከፍ አድርጎ መያዝ ሁሉ መብታቸው ነው። ሰልፈኛው አይቶና ሰምቶ እንዲያፍር ወይም እንዲናደድ ማድረግም እንዲሁ። ስለዚህ ተቃዋሚውን አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ማንም በማያየው ሜዳ እንዲቆም ማዘዝም ሌላ ዓይነት ክልከላ ነው። ገደቡ የሰው አካል ነው። ድምፅ ይሻገር፣ እጅ አይሻገር። መሐል ላይ መቆም የፖሊስ ሥራ ነው።

ፖሊስ መሐል ካልቆመ ምን እንደሚመጣ ቨርጂኒያ ውስጥ በሻርለትስቪል ከተማ ታይቷል። ኦገስት 12 ቀን 2017 የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች በከተማዋ ሰልፍ ጠሩ፤ እነሱን የሚቃወም ብዙ ሕዝብም ወጣ። ያን ቀን የ32 ዓመቷ ሄዘር ሄየር ሕዝብ መሐል በተነዳ መኪና ተገደለች። የዚያን ዕለት ነገር የሚነሳው ብዙውን ጊዜ «አየህ፣ መፍቀድ የሚያመጣው ይህን ነው» ለማለት ነው። ከተማዋ ራሷ ያሠራችውና በቀድሞው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ቲሞቲ ሂፊ የተመራው ምርመራ ግን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሌላ ታሪክ ነገረን። ፖሊሶች ሁለቱን ወገኖች የሚለይ መስመር አልሠሩም። ዓይናቸው እያየ ሰዎች ሲደባደቡ ከአጥር ጀርባ ቆመው ነበር። ቀትር ሳይሆን ስብሰባው ሕገ ወጥ ነው ብለው አወጁና ከመናፈሻው ያስወጧቸውን ሰልፈኞች ተቃዋሚዎቻቸው ወደሞሉት ጎዳና ገፏቸው። መኪናው በገባበት በአራተኛው ጎዳና መግቢያ ላይ የተመደበችው አንዲት የትምህርት ቤት ጥበቃ ፖሊስ ብቻ ነበረች። ለደኅንነቷ ስትሰጋ ከቦታው አነሷት፤ በእሷ ፋንታ መንገዱን የዘጋው የእንጨት መከለያ ብቻ ሆነ። ሄዘርን የገደላት ሰው ታስሮ ተፈርዶበታል። የከተማዋ ጥፋት ደግሞ ንግግር መፍቀዷ ሳይሆን ፈቅዳ ጥበቃውን መተዋ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። «የምትከራከርላቸው እነማን መሆናቸውን ታውቃለህ?» ይባላል። «የኤርትራ መንግሥት በአገሩ ሰልፍ አይፈቅድም፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ነፃ ጋዜጣ የለም፤ ያኔ የታሰሩት ባለሥልጣናትና ጋዜጠኞች ፍርድ ቤት ቀርበው አያውቁም። የዚህ መንግሥት ደጋፊ ፍራንክፈርት ላይ የሚጨፍረው በምን ሞራል ነው?» የሞራሉን ጥያቄ ለእነሱው ልተወው። ከወንድሙ እስር ሸሽቶ ሰሃራን የተሻገረ ሰው የአሳሪውን መዝሙር በስደት ከተማው ሲሰማ የሚሰማውን ቁጣም አላቃልልም። የመናገር መብት ግን ለመልካም ሐሳብ የሚታደል ሽልማት አይደለም። ሽልማት ከሆነ ሸላሚ ያስፈልገዋል፤ ሸላሚው ደግሞ ምንጊዜም ሥልጣን የያዘው ነው። አስመራ ያለው ችግርም ይኸው ነው፤ ማን ይናገር የሚለውን አንድ ሰው ይወስናል።

እ.ኤ.አ. በ1977 ናዚዎች ብዙ ከእልቂት የተረፉ አይሁዶች በሚኖሩባት በስኮኪ፣ ኢሊኖይ ለመሰለፍ ሲጠይቁ መብታቸውን ፍርድ ቤት ቆሞ የተከራከረላቸው የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ማኅበር በወቅቱ ይመራ የነበረው በአርዬ ናየር ነው። ናየር አይሁዳዊ ናቸው፤ በሕፃንነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ከናዚ ጀርመን የሸሹ። ማኅበሩን በዚህ አቋሙ ብዙ ሺህ አባላት ጥለውት ሄደዋል። ናየር ናዚዎቹን ሊወዷቸው የሚችሉበት ምንም ምክንያት አልነበረም። የሕዳጣን መጠጊያ ሥልጣንን የሚገድብ ሕግ መሆኑን ግን ከራሳቸው ሕይወት ያውቁታል። መጨረሻውም ይገርማል፤ ናዚዎቹ ፍርዱን ካሸነፉ በኋላ ስኮኪ ውስጥ አልተሰለፉም።

በፌስቲቫል ሽፋን ወንጀል ይሠራል ከተባለ ወንጀሉን መያዝ ነው። ሰውን አስፈራርቶ ሁለት በመቶ ግብር መሰብሰብ፣ ቤተሰብህን እናስራለን ብሎ መዛት፣ ስደተኛን መሰለል ንግግር አይደሉም። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ኤርትራ ከዲያስፖራው በማስፈራራትና በማታለል ገንዘብ መሰብሰቧን እንድታቆም ወስኗል። ካናዳ በዚሁ ጉዳይ በ2013 የኤርትራን ቆንስል አባርራለች። መንገዱ እንዲህ ነው፤ ማስረጃ ተይዞ፣ ወንጀሉ ተጠቅሶ፣ ጥፋተኛው ተለይቶ። ድንኳን ማቃጠል ግብር ሰብሳቢውን ተበዳይ ያደርገዋል።

ለተቃዋሚዎቹም ቢሆን ትርፉ የት አለ? ከቴል አቪቩ ግጭት ማግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ኔታንያሁ የተናገሩት አስመራ ስለታሰሩ ሰዎች አልነበረም። በነውጡ የተሳተፉትን ወዲያው ስለማባረርና ሌሎቹንም «ሰርጎ ገቦች» ከአገር ስለማስወጣት ነበር። ለዓመታት የጥገኝነት ማመልከቻቸው ምላሽ ያጣ፣ በዚያ ቀን ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ሲያጥቡ የዋሉ ሰዎች ጭምር የዛቻው ዒላማ ሆኑ። የአምባገነኑ ደጋፊና ተቃዋሚ በቴሌቪዥን መስኮት አንድ ዓይነት ሆነው ታዩ። የአስመራ መንግሥት ከዚህ የተሻለ ምን ይመኛል?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአገር ቤት የሚመጣ ነው። «አውሮፓ ሌላ፣ እኛ ሌላ። እኛ ዘንድ ጠብ ከተነሳ በእንቁላል አያልቅም።» እውነት አለው። በመስከረም 2011 አዲስ አበባ ውስጥ በባንዲራ የተነሳው የወጣቶች ጠብ፣ ወዲያው በቡራዩና በአካባቢው የደረሰው ግድያ ከማናችንም ልብ አልወጣም። ይሁን እንጂ በቡራዩ የሞቱት ሰዎች ሰልፍ ላይ አልነበሩም፤ በየቤታቸውና በየሰፈራቸው ነበሩ። የየትኛውም ሰልፍ መከልከል አያድናቸውም ነበር። ያጡት ሲጠሩት ፈጥኖ የሚደርስ የጸጥታ ኃይል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጥበቃው የመጣው ሬሳ ከተነሳ በኋላ ነው።

አገራችን ተቃራኒ ሰልፎችን በሰላም ማስተናገድ እንደማትችል የሚነግረን ሰው ደግሞ ሚያዝያ 1997ን ረስቷል። ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን በደጋፊዎቹ ሞላ። በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቅንጅት ያንኑ አደባባይ ሞላው። አደባባዩ አንድ፣ ከተማው አንድ፣ ልዩነቱ አንድ ሌሊት። የመረረ የምርጫ ፉክክር ውስጥ የነበሩ ሁለት ወገኖች በየተራቸው ተናገሩ፤ ሕዝቡም ሰምቶ ወደ ቤቱ ገባ። ነገሩ የተለወጠው ግንቦት 7 ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባ ለአንድ ወር ሰልፍ ሲከለክሉ ነው። ምክንያቱ ያው ጸጥታ ነበር። ክልከላው ቁጣውን አላበረደውም፤ አዘጋጅ፣ አስተባባሪና የታወቀ መስመር የሌለው ቁጣ አደረገው። ሰኔ 1 ቀን ጥይት ተተኮሰ፤ ጥቅምት 1998 ላይ ተደገመ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን የቆጠረው 193 ሰላማዊ ዜጎችንና 6 ፖሊሶችን ነው። ክልከላ ሕይወት ያድናል የሚለው ክርክር ይህን ቁጥር የት ያስቀምጠዋል?

ሕጋችንም ቢሆን ከባለሥልጣኖቻችን ይልቅ ልበ ሰፊ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብንና መሰለፍን መብት አድርጎ ደንግጓል። የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓትን የወሰነው አዋጅ ቁጥር 3/1983 አዘጋጆች ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ያዛል። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ቢቀየር ይሻላል ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መንገር አለበት፤ በማንኛውም ጊዜና ቦታ አይካሄድም ማለት ግን አይችልም። በተግባር የምናውቀው ሌላ ነው። ደብዳቤውን ተቀብሎ የሚፈርም ሰው ይጠፋል። የሚፈርም ከተገኘም የሰልፉ ዋዜማ ላይ «ለጥበቃ የሚመደብ በቂ ኃይል የለም» ይባላል። ያ ኃይል የለም የተባለው ፖሊስ ግን በማግሥቱ ሰልፈኛውን ለመበተን በሙሉ ቁጥሩ ይገኛል። ለመበተን የበቃ ኃይል ለመጠበቅም ይበቃል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሁለት ወገኖች በአንድ ቀን አንድ አደባባይ ከጠየቁ ቀድሞ ያሳወቀው ይቅደም፤ ሌላው በማግሥቱ ወይም በሚታይና በሚሰማ ርቀት ይቁም። መምጫና መመለሻ መንገዳቸው ይለያይ፤ የሚበዛው ጠብ የሚነሳው ሰልፉ ሲበተን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነውና። ዱላና ድንጋይ መግቢያው ላይ ይፈተሽ። አዘጋጆች የራሳቸውን አስተባባሪ ያሰማሩ። ድንጋይ የወረወረ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ እሱ በስሙ ይያዝ፤ በእሱ ጥፋት ሺህ ሰው አይበተን። ይህ ሁሉ ገንዘብና ድካም ይጠይቃል። ምርጫ ማካሄድም ይጠይቃል፤ ውድ ነው ብሎ ምርጫ የሚተው አገር ግን ምርጫ የለሽ ይባላል።

ለአንባቢ የምለው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የማትወደው ወገን ሰልፍ ግጭት ተፈርቶ ታገደ ሲባል ከመደሰትህ በፊት ያስፈራራው ማን እንደሆነ ጠይቅ። ያስፈራራው የአንተ ወገን ከሆነ ገሥጸው፤ ነገ በዚያው ደብዳቤ፣ በዚያው ማኅተም የሚታገደው የአንተ ሰልፍ ነው። ነግ በእኔ ማለት ለጠላት ማዘን አይደለም፤ ራስን መጠበቅ ነው።